ጋሽ ዳንጊሶና የሙሽሮቹ ሣር

ጋሽ ዳንጊሶ ማረፋቸውን የነገሩኝ የምሠራበት ፎቶ ቤት ባለቤት አቶ ከድር ናቸው። ደውለው «ሽማግሌው አረፉ» አሉኝ። ከዚያ ነጠላዬን ደርቤ በባጃጅ ወደ ቡሹሎ ሄድኩ፤ ድንኳኑ የተተከለው እዚያ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ነበር።

ገና ስገባ ዓይኔ ያረፈው ከፊት ለፊት በተወጠረው ትልቅ ፎቶ ላይ ነው። ከድንኳኑ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ይደርሳል። ከቱላ አልፎ ወደ ቆላው ሲወረድ ያለውን ቦረቦር የሚያሳይ ነው፤ ጎርፍ እየቆራረሰ የበላው፣ ነጭ አፈሩ እንደ ጥርስ የቀረ፣ ገደል ከገደል የተደራረበበት አገር። በዚህ ፎቶ ላይ ግን ገደሉ ሁሉ ሣር ለብሷል። ለምለም፣ እኩል የታጨደ፣ የከተማ ሣር። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «የታላቁ የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ባለሙያ ድንቅ ሥራ» ይላል።

የእሳቸው ሥራ አይደለም። ሣሩን ያበቀልኩት እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተር ላይ፣ በሁለት ቀን።

ፎቶውን ያመጣው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ማይክ ይዞ ስለ ሟቹ ተናገረ። «የአካባቢያችንን ውበት ለዓለም ያስተዋወቁ አባት» አለ። ጋሽ ዳንጊሶ ለዓለም ያስተዋወቁት ነገር ካለ ንቀታቸውን ነው፤ ከሁሉ አስቀድመው ያስተዋወቁትም ለዚሁ ሰው ነበር። ንግግሩን ሲጨርስ ተጠግቼ «ይህ ፎቶ የእሳቸው አይደለም። በሕይወት ቢኖሩ ያወርዱት ነበር» አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እህቴ፣ አሁን ለዚህ ጊዜው አይደለም» አለኝ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጊዜው መቼም ሆኖ አያውቅም። እኔም አልጮህኩም። ብጮህ «ታዲያ የማን ሥራ ነው?» መባሌ አይቀርም፤ መልሱን ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለመናገር ወኔ አጣሁ። ስለዚህ አሁን እዚህ እጽፈዋለሁ።

መሃል ከተማ፣ የአቶ ከድር ፎቶ ቤት ስቀጠር ኮምፒውተር ተምሬ የወጣሁ፣ የሰው ፊት ማጥራት እችላለሁ ብዬ የምኩራራ ልጅ ነበርኩ። ጋሽ ዳንጊሶ የቤቱ አንጋፋ ፎቶ አንሺ ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጫማቸው ላይ ቀይ ጭቃ የማይጠፋ ሰው። ፎቶ ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው እስኪነካ አስጠግተው፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ደብዳቤ ያነቡታል። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሳ የሐይቁን ፎቶ ከፊቴ አስቀመጡና «ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«ቆንጆ ነው» አልኩ።

«ቆንጆ። እሺ። ሌላስ?»

ፎቶውን ደግሜ አየሁት።

«ሌላ ከሌለህ አላየህም ማለት ነው» ብለው ፎቶውን ወሰዱት።

በወንድ ስላናገሩኝ ተቀየምኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ነው፣ ሲናደዱ የአማርኛው ሴትና ወንድ ይቀላቀልባቸዋል። ያን ቀን ተናደው ነበር ማለት ነው። ለምን እንደተናደዱ ለመረዳት ደግሞ ዓመታት ፈጀብኝ።

«ቆንጆ ነው» በእሳቸው አፍ ስድብ ነበር። ሙሽሮች አልበማቸውን ሊወስዱ መጥተው «እንዴት ነው ጋሼ?» ሲሏቸው «ቆንጆ ነው» ይሏቸዋል፤ እነሱም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። የሰው መኪና ተደግፎ የሚነሳውን ጎረምሳ፣ ጀልባ ላይ በከረቫት የሚቆመውን ባለሥልጣን፣ ሐይቁን ለስላሳ መጠጥ እስኪመስል ቀለም የሚያለብሱትን አዳዲስ ፎቶ አንሺዎች ሁሉንም በዚያች አንዲት ቃል ያሰናብቷቸው ነበር። ራሳቸውንም አይምሩም። «ዕድሜዬን ሙሉ ጥርስ ሳነሳ ኖርኩ» ይሉ ነበር። «ሰው ለካሜራ ጥርሱን ይሰጣል፤ ዓይኑን ግን ይደብቃል።»

ሰኞ የእረፍት ቀናቸው ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰኞ ቦረቦር። ሌላው ሰው ሰፊ ቦታ ሊያነሳ ሲፈልግ ሰፊ ሌንስ ገጥሞ አንዴ ይጫንና ይሄዳል። እሳቸው ግን ሩቁን የሚያቀርበውን ረጅሙን ሌንስ ይገጥማሉ። ካሜራውን ስታንድ ላይ ያስሩና ከአድማሱ ግራ ጫፍ ይጀምራሉ። ያነሳሉ፤ ትንሽ ያዞራሉ፤ ያነሳሉ። የላዩ መስመር ሲያልቅ ትንሽ ወደ ታች ዝቅ አድርገው እንደገና ከግራ። እንዲህ እያሉ ሸለቆውን በመቶ በሚቆጠር ቁርጥራጭ ለቅመው ይይዙታል። መሐል ላይ ደመና ጥላ ከጣለባቸው የደከሙበትን ሁሉ ይሰርዙና ከሀ ይጀምራሉ። የእኔ ሥራ ማክሰኞ እነዚያን ቁርጥራጮች ኮምፒውተር ላይ ሰፍቼ አንድ ረጅም ፎቶ ማድረግ ነው። ማሽኑ ያቃስታል፣ ይግላል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቆማል። አቶ ከድር በበሩ ብቅ እያሉ «የዛሬ ሙሽሮች አልደረሱም እንዴ?» ይላሉ።

የተሰፋውን ፎቶ ከሩቅ ስታዩት አገር ነው። ስትጠጉት ደግሞ አያልቅም። ከገደሉ አፍ የተንጠለጠለ ሥር ታያላችሁ። ሥሩ ላይ የተጣበቀ የፕላስቲክ ጫማ ታያላችሁ። ከጫማው ወዲህ የፍየል ዱካ፣ ከዱካው ወዲህ ትናንት የተናደ እርጥብ አፈር። ጋሽ ዳንጊሶ ወንበር ስበው ከኋላዬ ይቀመጡና «ፈልጊ» ይሉኛል። ምን እንደምፈልግ አይነግሩኝም። ያገኘሁትን ስነግራቸው «እሱማ አለ፤ ሌላ» ይላሉ። ያን ጊዜ ይህ የጃጀ ሽማግሌ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ አስከትለውኝ ሄዱ። ከቱላ በእግር ብዙ ወረድን። በቦረቦሩ አፋፍ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ከሥሩ እሳቸው ራሳቸው የመቱት የብረት ካስማ አለ። ስታንዱን ሁልጊዜ በዚያ ካስማ ላይ ነው የሚያቆሙት፣ በየጊዜው የሚነሳው ፎቶ ልክ በልክ እንዲገጥም። ከዋርካው ጥቂት አለፍ ብሎ የወይዘሮ አማረች ቤት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በጋሽ ዳንጊሶ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። የቆርቆሮ ቤት፣ አንዲት ላም፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ መሐል በሰማያዊ ቀለም የተቀባ የባላቸው የሲሚንቶ መቃብር። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው።

«ዛሬም ጉድጓድህን ልታይ መጣህ?» አሉ ወይዘሮ አማረች።

«እሱ እኔን ሊያይ እየመጣ ነው» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። «አንቺ ጋ ግን ይቀድማል።»

ሴትዮዋ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ከኪሳቸው የዱሮ ፎቶ አውጥተው ቆጠሩላቸው፤ ድሮ ከመቃብሩ ወዲያ አራት ረድፍ እንሰት ነበር፣ አሁን ሁለት ብቻ ቀርቷል። ወይዘሮ አማረች ሳቃቸውን አቆሙና «ቀበሌ አመልክቻለሁ» አሉ። «ከላይ ውኃውን የሚመልስ ቦይ ቆፍሩልኝ ብያለሁ። እናያለን አሉኝ።»

«ዓይን ሲኖራቸው ነዋ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

የኃላፊው ትእዛዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ስልክ ይዞ ፎቶ ቤታችን ገባ። መሥሪያ ቤቱ በቦረቦሩ ውስጥ ጎርፉን የሚገታ የድንጋይ ክትር ሠርቷል፣ ችግኝ ተክሏል። ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች አሉ። ለስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ የሚሆን፣ ሥራውን የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ይፈልጋል። «እንደ እርስዎ አድርጎ የሚያነሳ የለም ብለውኛል» አላቸው። ጋሽ ዳንጊሶ ተጠራጠሩት፣ ግን ሄዱ፤ ቦረቦሩን ግድግዳ ላይ የማየት ምኞት ሳያታልላቸው አልቀረም። አነሱት፣ ሰፋሁት፣ ኃላፊው ሊያይ መጣ።

ከሩቅ አይቶ ደስ አለው። ጋሽ ዳንጊሶ «አስጠጊው» አሉኝ። አስጠጋሁት። ክትሩ ከመሐሉ ተደርምሷል። ችግኞቹ ተሰልፈዋል፤ ይበልጥ ሳስጠጋው ሁሉም ከነጥቁር ፕላስቲካቸው ነው የተቀበሩት። ፕላስቲኩን የገፈፈላቸው የለም። አብዛኞቹ ደርቀዋል።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ይህን ያህል መጠጋት ለምን አስፈለገ?»

«ፎቶ ነዋ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

«እንግዶቹ ከሩቅ ነው የሚያዩት። ትንሽ አረንጓዴ ይጨመርበት። ደግሞ ውሸት አይደለም፤ እቅዳችን ውስጥ ያለ ነው።»

«እንግዲያው እቅድህን አንሳው» ብለው ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

አቶ ከድር መጥፎ ሰው አይደሉም። ፀብ ይፈራሉ። ኃላፊው ሲሄድ ወደ እኔ መጥተው በለሰለሰ ድምፅ «አንቺ ትችይዋለሽ፤ እሳቸው አይሰሙም» አሉኝ። እኔም አደረግኩት። ተገድጄ ነው ብዬ ልዋሽ እችላለሁ፤ እውነቱ ግን የእጄን ሙያ ማሳየት ፈልጌ ነበር። ሽማግሌው ዓመት ሙሉ «ሌላ፣ ሌላ» ሲሉኝ ኖረዋል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ደግ አደረግሽ ብለውኝ አያውቁም። ሣር ስፈልግ ቅርብ ያገኘሁት የሙሽሮቻችንን ፎቶ ነው። ከሐይቁ ዳር መናፈሻ፣ ከነጭ ቬሎ ሥር፣ ሣሩን እየቆረጥኩ ቦረቦሩ ላይ ለጠፍኩት። ገደሉን አለበስኩት፣ ችግኞቹን አለበስኩ፣ ክትሩን ጠገንኩ፣ የወይዘሮ አማረችን ጓሮ ሳይቀር አስዋብኩት። ኃላፊው ሲያየው አጨበጨበ።

ፎቶው አዳራሹ ውስጥ በተሰቀለበት ቀን ጋሽ ዳንጊሶ ሳይጠሩ መጡ። እንግዶቹ ከፊቱ ቆመው እየተነሱ ነበር። እሳቸው በመሐላቸው አልፈው ከግድግዳው ተጠጉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ከግራ ጀምረው ማንበብ ያዙ። ብዙ ቆዩ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸው ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ሣሩ መሐል አንዲት የጽጌረዳ ቅጠል ነበረች፤ ከአንዲት ሙሽራ እቅፍ አበባ የወደቀች፣ እኔ ሳላያት አብራ የተቀዳች።

ዘወር አሉና ከበሩ አጠገብ ቆሜ አገኙኝ።

«ቆንጆ ነው» አሉኝ።

ያችን ቃል ለእኔ ብለዋት አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ፎቶ ቤት ውስጥ ከሥራ ውጪ አላናገሩኝም።

ክረምቱ ሲገባ ወይዘሮ አማረች ቀበሌ ሄደው ስለ ቦዩ ጠየቁ። የተሰጣቸውን መልስ ጋሽ ዳንጊሶ ናቸው ይዘው የመጡት። ገብተው ከኋላዬ ቆሙና «ያንቺ ሰፈር አገግሟል፣ አዳራሽ ውስጥ በፎቶ አይተነዋል፣ ሌላ የባሰበት ሰው አለ አሏት» አሉኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «አሁን እውነተኛውን ክፈቺው።»

ሣር ያልነካውን ፎቶ ከፈትኩ። «የአማረችን ጓሮ አስጠጊ» አሉ። አስጠጋሁ። ቤቱ፣ ላሟ፣ እንሰቱ፣ ሰማያዊው መቃብር። ከዋርካው ሥር ተነስታ በመቃብሩና በቤቱ መሐል የምታልፍ፣ ጠምዘዝ ያለች፣ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ነበረች። ከዚያ በፊት ባሉት ፎቶዎች ላይ የለችም። መሬቱ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ወዲያ ያለው ሁሉ ለመሄድ ተነስቷል፤ ቤቱም ከአፉ ላይ ነው።

መስመሯን አስታወስኳት።

«አይተሻት ነበር?» አሉኝ። ፊቴን አይተው ነው።

«አዎ ጋሼ።»

«ምን መሰለችሽ?»

«ፎቶውን የምታበላሽ ነገር።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። በኋላ «ነገ ትመጫለሽ» አሉ። «የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ ሁለቱንም ፎቶ አትሜ ሄድን። መንገዱ አዳልጦኝ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ ጋሽ ዳንጊሶ ዘወር ብለው አላዩኝም። ወይዘሮ አማረች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሁለቱን ወረቀቶች ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ስንጥቁን አሳየኋቸው። ከዚያ ሣር የለበሰውን አሳየኋቸውና ሣሩን እኔ እንዳደረግኩት፣ ስንጥቁንም የሸፈንኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አማርኛ ብዙ አይናገሩም፣ ግን ሁሉንም ሰሙ። ጣታቸውን ሣሩ ላይ አድርገው ዳበሱት።

«ይኼ ሣር» አሉኝ፣ «ላሜ ትበላዋለች?»

«አትበላውም፣ እናቴ።»

«እኮ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

ከዚያ ተነስተው ከቤቱ ጀርባ ሄዱ፤ ተከተልናቸው። ስንጥቁን በእግራቸው ጣት ነኩት። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሣርና ቅጠል ስለሸፈነው ልብ አላሉትም ነበር። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ።

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን ነቀሉት። ቆርቆሮውን አወረዱ፣ ማገሩን ፈቱ፣ ምሰሶውን ተሸክመው ወደ ላይ፣ ወንድማቸው ወደሰጧቸው ቦታ ወሰዱት። እኔም በር ተሸክሜያለሁ። እንሰቱ ግን አይነሳም፤ ትንንሾቹን ብቻ ነቅለው ወሰዱ። መቃብሩንም «እግዚአብሔር ያቆየዋል» ብለው ተዉት። ጋሽ ዳንጊሶ ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ እግዚአብሔርን አይንቁም ነበር።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ዝናብ ሲዘንብ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ አፋፉ ተንዶ ሄደ። ቤቱ የነበረበት ቦታ፣ እንሰቱ፣ መቃብሩ፣ ሁሉም። ሰው አልተጎዳም። መሥሪያ ቤቱ «ድንገተኛ የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ መግለጫ አወጣ። ድንገተኛ አለ፤ ከአንዲት ሴት የዓመታት አቤቱታና ከአንድ ሽማግሌ የዓመታት ፎቶ በኋላ። መግለጫውን ያነበበው ያው ባለ ሁለት ስልኩ ነው።

ጋሽ ዳንጊሶ ሰኞ ሄዱ፤ እኔም ሳልጠራ ተከተልኳቸው። ዋርካው ቆሟል፣ ካስማው አለ። ስታንዳቸውን አቆሙ። ወይዘሮ አማረች አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ባዶውን ያያሉ። «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ቢቀር» አልኳቸው። ከግራ ጀመሩ። ያነሳሉ፣ ትንሽ ያዞራሉ፣ ያነሳሉ። ጨካኝ ናቸው ብዬ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት ናቅኳቸው።

ሲጨርሱ ወይዘሮ አማረች ተነስተው መጡ። «ካሜራዬ ሁሉን ያያል ትላለህ» አሏቸው። «ባሌ የት ገባ? እየው።»

«አየዋለሁ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

ፎቶውን ሰፍቼ ሁለት ቀን ፈለግን። ናዳው ሰፊ ነው፤ ጭቃ፣ የተገለበጠ እንሰት፣ ድንጋይ። እኔ አንቀሳቅሳለሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ ተቀምጠው ይቆጣጠራሉ። አቶ ከድር ስለ ሙሽሮች ሊጠይቁ መጥተው ሳይጠይቁ ተመለሱ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከታችኛው መስመር፣ ከተገለበጠ እንሰት ሥር፣ ከጥፍር የምታንስ ሰማያዊ ነገር አየሁ። አስጠጋሁት። የሲሚንቶ ጥግ ነበር፤ ላዩ ላይ ሁለት ፊደል ይነበባል።

«አገኘሁ ጋሼ።»

ተጠግተው አዩ። «አዎ» አሉ። «ሌላ» አላሉኝም።

ከዋርካው ሥር ከካስማው ጀምረን ርቀቱን ለክተን፣ አካፋ ከያዙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ወረድን። ፎቶው ባመለከተን ቦታ ሲቆፍሩ ሲሚንቶውን አገኙት፤ ከሥሩም የሚፈለገውን አገኙ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አወጡት። በዚያው ቀን ከአዲሱ ቤት ጀርባ ተቀበረ። ከቀባሪዎቹ አንዱ «ጋሼ፣ ለማስታወሻ አንሱን እንጂ» አላቸው። «ካሜራ አልያዝኩም» አሉ። ካሜራው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ወይዘሮ አማረች በሳህን ቡርሳሜ ይዘው መጡ፤ ቆጮው የጎረቤት ነው፣ ቅቤው የእሳቸው ላም። ከፊቴ አስቀምጠው «ብዪ» አሉኝ። «ይኼ የሚበላ ነው።» አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

ከዚያ በኋላ ከጋሽ ዳንጊሶ ጋር ታረቅን ልበል? ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በቀጣዩ እሁድ ማታ ብቻ «ነገ አንድ ሰዓት ላይ። የሚረባ ጫማ አድርጊ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ አብሬያቸው ወረድኩ። አዳራሹ ውስጥ ያለውን ፎቶ እንዲያወርዱት ኃላፊውን ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ «በጣም ተወዶልናል» አለኝ።

በመጨረሻ ስኳር ዓይናቸውን ወሰደው። መጀመሪያ ጥርት ያለው ነገር ጠፋ፣ ከዚያ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀረ። ሥራ ትተው ቡሹሎ ቤታቸው ዋሉ። ሊጠይቋቸው የሚሄዱት የሙያ ጓደኞቻቸው እጃቸውን ይዘው ሲያለቃቅሱባቸው «በጣም ቆንጆ ነው» ብለው ያሰናብቷቸዋል። ለእኔ ግን ሥራ ሰጡኝ። «ብቻሽን ሂጂና አንሺው። ከካስማው ንቅንቅ እንዳትይ።»

ሄድኩ። ደመና ሦስት ጊዜ አስጀመረኝ። ሰፋሁትና ላፕቶፑን ይዤ ቡሹሎ ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር።

«ከግራ ጀምሪ» አሉኝ።

ጀመርኩ። ያለውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ የትኛው ገደል እንደሰፋ፣ የትኛው ባለበት እንዳለ፣ ከላይ የትኛው ማሳ እንደታረሰ። ይሰማሉ፣ አንዳንዴ ብቻ «ስንት ይሆናል?» ወይም «ቀለሙስ?» ይላሉ። የመጀመሪያውን መስመር ጨርሼ ሁለተኛውን አጋመስኩ።

«እዚህ ጋ ደግሞ ከገደሉ ሥር አንድ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል» አልኩ። «ወይም ጉቶ ነው። ጥላ ውስጥ ስለሆነ አልተለየኝም።»

«ሰው ነው ጉቶ?»

«ሰው ሳይሆን አይቀርም።»

«ሳይሆን አይቀርም አልጠየቅኩህም» አሉ። በወንድ ነው ያሉኝ። «ሂድና እይ።»

«ጋሼ፣ ቦረቦሩ እኮ የት ነው! ሰው ከሆነም ተነስቶ ሄዷል።»

«ጉቶ ከሆነ አልሄደም።»

ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት እስከ ቱላ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር፣ መንገዱን ሙሉ እያጉረመረምኩ ወረድኩ። ታች ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አየሁት፣ በእጄም ነካሁት። ከሰዓት በኋላ ከነአቧራዬ ቡሹሎ ተመልሼ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ጉቶ ነው» አልኳቸው።

«የምን?»

«የግራር። ግማሹን እሳት በልቶታል። ሥሩ አልሞተም፤ አፈር ይዟል።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላፕቶፑ አቅጣጫ ዘረጉ።

«ሁለተኛው መስመር ላይ ነበርን» አሉ። «ቀጥዪ።»

ከፈትኩና ከጉቶው ቀጥሎ ያለውን መናገር ጀመርኩ።